ያልተባረከው በግ

ሀብተ ማርያም ከእናቱ ጋር ከአንድ ትሪ ከበላ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። ተኳርፈው አይደለም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ እናቱ የኔነሽ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው ባሏ ትቶላት በሞተው ቤት፣ እሱ ከኒሙ ዛፍ ወዲያ ባለችው ሰርቪስ ክፍል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ኮሌታውን ታቃናለታለች። ወባ ሲጥለው ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስትቀያይር ታድራለች። ምሳና ራቱን ግን በሳህን አድርጋ፣ በሌላ ሳህን ከድና፣ በእህቱ በሰርካዲስ እጅ ትልክለታለች።

ነገሩ የመጣው በአባቱ ተዝካር ነው። ድንኳን ተጥሎ፣ ካህናቱ ተሰይመው፣ የነፍስ አባታቸው ቀሲስ የሟቹ ነፍስ በዚያች ሰዓት የት እንደደረሰች ሲያስረዱ ሀብተ ማርያም ከሕዝቡ መሃል ተነሣና አባቴ የትም አልሄደም አለ። ሞቷል፤ የቀበርነው ቦታ ነው ያለው። እግዜር አለ ብዬ አላምንም፤ እናንተ ብታምኑ አልከለክላችሁም፤ ግን በአባቴ ስም እኔን ምስክር አታድርጉኝ። ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው፤ ሲናደድ ቀስ ብሎ መናገር አያውቅበትም። ጠላ ቀጂዋ እንኳን ቆመች። ቀሲስ ወደ የኔነሽ ዞረው ገዘቷት፤ ይህ ልጅ በምስክር ፊት አፉን እስኪመልስ ድረስ ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ እንዳትበዪ አሏት። የኔነሽ በሕይወቷ ግዝት አፍርሳ አታውቅም።

እግዜር የለም ማለት የሚያስገርፍበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያዝንለት አይጠፋም ነበር። ነገር ግን ዘመኑ የደርግ ነው። በዚያ ዘመን እግዜር የለም ማለት ሥራ ነበር፤ ደሞዝ አለው፣ መኪና አለው፣ ሞስኮ ሄዶ መማር አለው። የቀበሌው ካድሬ ጓድ በቀለ በየሳምንቱ በውይይት ክበብ ቆሞ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ መሆኑን ጣቱን እየቀሰረ ያስረዳል፤ ልጆቹን ግን አንድ በአንድ በሚስቱ እናት በኩል ሐረር እየላከ ክርስትና አስነሥቷቸዋል። ይህን የማያውቅ የከዚራ ሰው አልነበረም፤ የሚናገርም አልነበረም። ከዚያ ዘመን ሰው ይልቅ ውሸትን በጋራ የሚጠብቅ ሕዝብ ከየት ይገኛል? አዳራሽ ውስጥ የሚያጨበጭበው እጅና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያማትበው እጅ አንድ እጅ ነው።

ጓድ በቀለ አንድ ጊዜ ሀብተ ማርያምን ቢሮው አስጠርቶ «ሃይማኖትና ሳይንስ» በሚል ርዕስ ንግግር እንዲያደርግ ጠይቆታል። ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ አንደበቱ የተሳለ ነው፤ ይበልጡንም እግዜር የለም የሚለውን ከልቡ የሚል በከተማው ውስጥ ብቸኛው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሀብተ ማርያም እምቢ አለ።

«በመመሪያ የመጣ ክህደት በመመሪያ ይሄዳል» አለው። «እኔ ያሰብኩት ብቻዬን ነው። ስብሰባ አልጠራሁበትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ንኡስ ከበርቴ ሆነ፤ የደረጃ እድገቱም ቀረ። አማኞቹ ከሃዲ ይሉታል፤ ከሃዲዎቹ አድኃሪ ይሉታል። ይህ እምብዛም አያስጨንቀውም ነበር። ክርክር ይወዳል፤ ተከራካሪ ሲያጣ ከሬዲዮኑ ጋር ይከራከራል።

የሚያስጨንቀው ፋሲካ ነው። በሌላ ቀን ሳህኑን ተቀብሎ፣ መጽሐፍ ከፊቱ አቁሞ ይበላል። በፋሲካ ግን ከትልቁ ቤት የትሪው ኮሽታ፣ የእንግዳ ሳቅ፣ የእናቱ ብሉልኝ ብሉልኝ ይመጣበታል። ዱሮ የኔነሽ ያን ሁሉ ሁዳዴ ጾማ፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ራሷ አትቀምሳትም ነበር። ጠቅልላ፣ በቅቤው አሽታ፣ እያደር ሽበት ያወጣውን የበኩር ልጇን እንደ ሕፃን አገጩን ይዛ ታጎርሰዋለች። አባቱ ይስቅበታል፤ ይኼ ሰውዬ ነገ ሚስት ሲያገባም እንዲህ ልታጎርሺው ነው ወይ ይላል። ሀብተ ማርያም የሚናፍቀው ያችን ጉርሻ ነው። ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። እግዜር የለም ብሎ በአደባባይ የቆመ ሰው የፋሲካ ጉርሻ ሲናፍቅ ቢያዩት፣ አማኞቹ ድል ያደረጉት ይመስላቸዋል ብሎ ይፈራል። ምን ድል አለው? እጁ የእናቱ እጅ ነው፤ የማንም ሲኖዶስ ርስት አይደለም።

በዚያ ዓመት በሕማማት ሳምንት ሰርካዲስ የራት ሳህኑን ይዛለት መጣችና እንደ ልማዷ አስቀምጣ መውጣት ትታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ታናሹ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውላ የምትመጣ፣ ነገር የማታበዛ ልጅ ናት። እናቷ እንደላከቻት ነገረችው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ የፋሲካውን በግ የሚያርድላቸው ሁርሶ ማሠልጠኛ የሚሠራ ጎረቤታቸው ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ለበዓል ሲመጣ መጀመሪያ የእነሱን፣ ከዚያ የራሱን ያርዳል። ዘንድሮ አይመጣም።

«እማዬ አንተ እረደው ትላለች» አለችው።

ሀብተ ማርያም ሳቀ። «እኔ ያረድኩትን ማን ይበላዋል?»

«እሷ ትበላዋለች። ቀሲስን ጠይቃለች። ቢላዋውን ይዘህ፣ እሷና እኔ እየሰማን፣ እንደ አባዬ በስመ አብ ብለህ ካረድክ አፉን መለሰ ይባላል ብለዋታል። ግዝቱ ይነሣል። እዚያው ትሪው ላይ ትቀመጣለህ።» የሳህኑን ክዳን እያነሣች «ልብህን የሚጠይቅህ የለም፣ ጋሼ። አፍህን ብቻ ነው» አለች።

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል እንደ ክብሪት ለኮሰችው። ልብ የማይጠየቅበት ሃይማኖት ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው ብሎ ጀመረ። በቀለ በአዳራሹ የሚፈልገው አፌን፣ ቀሲስ በበጉ ላይ የሚፈልጉት አፌን፤ በዚህ አገር ከአፍ ወዲያ ያለውን ሰውዬ የሚፈልገው ማነው? ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሲናደድ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሁለት እርምጃ ይመለሳል፤ ሰርካዲስ አንገቷን እያዞረች ትከተለዋለች።

«ጨረስክ?» አለችው።

«አልጨረስኩም።»

«ሌላውን ለትምህርት ቤት አስቀምጠው። እማዬ አርጅታለች፤ እኔም ለሁለት ገበታ ማቅረብ ሰልችቶኛል» ብላ ተነሥታ ሄደች።

የዚያን ዕለት ራቱን አልነካም። ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተ፤ እየቆየ ሙግቱን እየተሸነፈ ሄደ። ጥቂት የግእዝ ቃላት ናቸው። ካልታመነባቸው ነፋስ ናቸው፤ ነፋስ አውጥቶ እናትን የሚያገኝ ሰው ምን ከሰረ? ቅዳሜ ጠዋት የአባቱን ቢላዋ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግሮ፣ ቀፊራ ገበያ ወደሚገኘው አብዱሰመድ ዘንድ ሄደ።

አብዱሰመድ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ በሩ ላይ ጨረቃ የተሳለበት ሥጋ ቤት አለው። ከሀብተ ማርያም ጋር ሕፃን ሆነው በአንድ ዴስክ ተምረዋል፤ በደቻቱ ጎርፍ አብረው ሊሞቱ ነበር። በድሬ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። አንድ ሰፈር አብረው እየኖሩ፣ በሠርግ በሐዘን እየተጠራሩ፣ ድስቱን ግን ለየብቻ ይጥዳሉ። ሀብተ ማርያም ብቻ ከሁለቱም ይበላል፤ አብዱሰመድ በዚህ ሁሌም እንደቀለደበት ነው።

«የማን በግ ነው?» አለው ቢላዋውን ድንጋይ ላይ እያሸ።

«የእማዬ።»

«አራጁስ?»

«እኔ።»

አብዱሰመድ ማሸቱን አቆመ። «አቦ ተው። አንተ ያረድከውን ድመትም ትጠራጠራለች።»

ሀብተ ማርያም ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አወራለት። አብዱሰመድ ሲያዳምጥ ቆይቶ ታዲያ ምን ቸገረህ አለው። ነፋስ ነው ካልክ ነፋሱን አውጣው። ሀብተ ማርያም ደግሞ አንተስ ለምን ትላለህ፣ ቀኑን ሙሉ ስታርድ ቢስሚላሂ ያልከው ሁሉ ከልብህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሊነክሰው ነበር የጠየቀው።

«ወላሂ አይደለም» አለ አብዱሰመድ። «አንዳንዴ ሐሳቤ ጉምሩክ በያዘብኝ ጨርቅ ላይ ነው። ግን እላለሁ። ካላልኩ እጄ የነፍሰ ገዳይ እጅ ነው። የፍየሏን ነፍስ የምወስደው በራሴ ሥልጣን አይደለም ማለቴ ነው፤ ለአላህም፣ ለእሷም፣ ለራሴም የምናገረው ነው። አንተ ነፋስ በለው።»

«እኔስ በማን ሥልጣን ልበል?»

«በእናትህ ሥልጣን በል።»

«ዋሽ ነው የምትለኝ?»

«ወርያ፣ ብላ ነው የምልህ» አለው። «እናቴ ብትኖርና ከእሷ ጋር አንድ ምሳ ቢሰጠኝ እኔ ምን የማልለው አለ?»

ሀብተ ማርያም የተሳለውን ቢላዋ ይዞ ሲመለስ፣ አሸዋው መሃል ሲደርስ ቃላቱን በልቡ ሞከራቸው። ፊደል ሳይቆጥር ያወቃቸው ቃላት ናቸው፤ ያለ ምንም መሰናክል መጡለት። አፉ ውስጥ ጣፈጡት። ይህ ትንሽ አስደነገጠው፤ ግን ቆረጠ። እላቸዋለሁ አለ።

በፋሲካ ጠዋት የከዚራ ግቢዎች ሁሉ በሬዲዮና በበግ ጩኸት ተሞልተዋል። ሰው ሁሉ ከቅዳሴ መልስ ጾሙን ፈቷል፤ የኔነሽና ሰርካዲስ ብቻ ገና አልፈቱም። የኔነሽ ዶሮም አላሳረደችም። ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። በጉ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነ የኦጋዴን በግ ነው፤ ከኒሙ ግንድ ታስሯል። ሀብተ ማርያም ሲያልፍ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ። አንድ ትሪ ወጥቷል። ዙሪያውን ሦስት ዱካ ተቀምጧል። አንደኛው የአባቱ ነበር፤ አሁን ለእሱ ነው።

አይኑን ከዱካው ለመንቀል ጊዜ ወሰደበት።

በጉን አባቱ እንደሚያደርገው ወደ ምሥራቅ አዙሮ አስተኛው። ሰርካዲስ እግሮቹን ያዘች። የበጉ ልብ ከጉልበቱ ሥር ሲመታ ይሰማዋል። ቢላዋውን አንገቱ ላይ አስጠግቶ አፉን ከፈተ፤ ሊል ነው። እንደዚያ እንደከፈተ ቀና ሲል የእናቱን ከንፈሮች አየ። ድምፅ የላቸውም፤ ግን እየተንቀሳቀሱ ነው። ቃላቱን ከእሱ ቀድማ እያለችለት ነው፤ መናገር ለሚለማመድ ሕፃን እናት አፏን እንደምታንቀሳቅስለት። ፊቷ ላይ ያለው ተስፋ ለማየት የሚያስቸግር ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ያ የምትጠብቀው ሰው እሱ አይደለም። በስመ አብ የሚለው ሰውዬ ትሪው ላይ ይቀመጣል፤ ያ ሰውዬ አገጩን ተይዞ ይጎርሳል፤ እናቱም በዚያ ሰውዬ ደስ ብሏት ትኖራለች። ሀብተ ማርያም ግን ከኒሙ ዛፍ ወዲያ፣ ማንም ሳያስታውሰው፣ ለዘላለም ይቀራል። አምስት ዓመት የናፈቀው እሱ ራሱ ሆኖ ለመጉረስ ነው። ሌላ ሰው ልኮ ለማስጎረስ አይደለም።

ቃል ሳይተነፍስ ቢላዋውን ሳበው።

ደሙ ገንዳው ውስጥ ወረደ። በጉ ተንፈራግጦ ጸጥ አለ። የኔነሽ ከደጃፉ አልተነቃነቀችም።

«አልክ?» አለችው።

«ብሏል፣ ብሏል» አለች ሰርካዲስ ፈጥና። «በቀስታ ነው ያለው፤ እኔ ሰምቻለሁ።»

«አንቺን አይደለም።»

ሰርካዲስ ወንድሟን አየችው። በአይኗ እባክህ አለችው። በሩ አሁንም ክፍት ነው፤ በጀመረችለት ውሸት ላይ አንገቱን ብቻ መነቅነቅ በቂ ነበር። ሀብተ ማርያም ደም የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አላልኩም፣ እማዬ» አለ። በሕይወቱ ቀስ ብሎ ከተናገራቸው ቃላት አንዱ ይህ ነው።

የኔነሽ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ትሪው ሲነሣ ተሰማ።

ሰርካዲስ የያዘችውን እግር ለቀቀች። እሷም የጾመች ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ስትናገር አልጮኸችም፤ እንደ ወንድሟ አይደለችም። ለፊዚክስህ ሲሆን ያልታየ ነገር አለ ትላለህ፣ ለእናትህ ሲሆን አንዲት ያልታየች ቃል ከበደችህ አለችው። ከዚያ ያልጠበቀውን ጨመረች።

«ሃምሳ አለቃ ትናንት ከሁርሶ ገብቷል። ልረድ ብሎ ጠይቋታል። እሷ ናት ዘንድሮ ሰው አለን ብላ የመለሰችው። ከመጀመሪያውም እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ገባህ አሁን?»

ገባው። በግ አራጅ አልቸገራትም ነበር። ልጅ ነው የቸገራት። ቀሲስ ዘንድ የሄደችው፣ የለመነችው፣ ውሸቱን የፈጠረችው፣ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቀው ሴት፣ ከእሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ መቀመጥ ፈልጋ ነው። እሱ ብቻውን የናፈቀ መስሎት ነበር። ኒሙ ሥር ከታረደው በግ አጠገብ ተቀመጠ፤ ዝንብ እስኪሰበሰብ ድረስ አልተነሣም።

የድሬ ፀሐይ ግን ሐዘን አይጠብቅም፤ ሥጋ እስከ ቀትር ይበላሻል። ተነሥቶ ገፈፈው፣ ዘለዘለው። ሲገፍፍ ሐዘኑ ወደ ለመደው ወደ ቁጣ ዞረለት። ሙሉ በግ ነው፤ የሰባ ነው፤ ቢላዋው ንጹሕ ነው። በዚህች ከተማ ክርስቲያኑ አይበላው፣ እስላሙ አይበላው። አንድ ታፋ በሳህን አደረገና በቀጥታ ወደ ጓድ በቀለ ቤት ሄደ።

ጓድ በቀለ በር ላይ የወጣው ጉንጩ በቅቤ እያብረቀረቀ ነው።

«ለሳይንሳዊ ሶሻሊስት የሚሆን ሥጋ አምጥቼልሃለሁ» አለው ሀብተ ማርያም። «የማንም ስም አልተጠራበትም።»

በቀለ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። «ተባርኮ አይደለም የታረደው?»

«አይደለም።»

«ለእኔማ ችግር የለውም፣ ጓድ። ባለቤቴ ናት።»

«ባለቤትህን ማን ጠየቃት? አንተ ብላው።»

በቀለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ጨጓራው አወራ። ሐኪም ቀይ ሥጋ ከልክሎኛል አለ። ከኋላው ከሳሎኑ የጥብሱ ሽታ ይመጣል። ከዚያ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ ይኼንን ዛሬ ያልነውን ክበብ ላይ እንዳታነሣው አለና በሩን ዘጋ። ሀብተ ማርያም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየለትም። ሰውዬው እንኳን ከሚስቱ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል።

ሲመለስ አብዱሰመድ ግቢው ውስጥ ነው። በየፋሲካው እንደሚያደርገው ሐብሐብ ይዞ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቷል። የኔነሽን ሳመ፣ እማማ ብሎ ተጫወተላት፤ ሲወጣ የተዘለዘለውን ሥጋና የጓደኛውን ፊት አይቶ ነገሩን ጨርሶ አወቀው።

«አላልክም» አለ።

«አላልኩም።»

አብዱሰመድ ምላሱን መጠጠ። ከዚያ አሰብ አደረገና በድሬ ይህን የሚበላ ካለ ኩባዎቹ ናቸው አለ። ከሶማሊያው ጦርነት ወዲህ የኩባ ወታደሮች ከከተማው ዳር ሰፍረዋል፤ ከባድ መኪና የሚጠግኑበት ግቢ አላቸው። ሥጋውን በጋሪ ጭነው ወሰዱላቸው።

ኩባዎቹ እንደ ዘመድ ተቀበሉት። በአማርኛ ሦስት ቃል፣ በእጅ ብዙ ቃል ተናገሩ። በርሜል ሰንጥቀው ከሰል አፋፋሙ፤ አንዱ ጊታር አወጣ። የማን በግ ነው፣ ማን አረደው፣ ምን ተባለበት ብሎ የጠየቀ የለም። አንዱ ከአጥንቱ ቀድዶ ሰጠው፤ እሱም ቆርሶ ለጎኑ ሰጠ፣ ያኛውም ከእጁ ተቀብሎ በላ። ሀብተ ማርያም ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተለት ገበታ ይኸው ነው። ስም የማይጠራበት፣ ምስክር የማይቆምበት፣ ሰው ሰው ስለሆነ ብቻ የሚቀርብበት። አጠገቡ ያለው ወታደር ፎቶ አውጥቶ አሳየው፤ አንዲት ወፍራም ሴት በረንዳ ላይ ቆማ ትስቃለች። እናቴ ናት ማለቱ ነበር፤ ለዚህ ቋንቋ አላስፈለገም። ሀብተ ማርያም በእጁ የቀረውን ሥጋ መልሶ አስቀመጠ።

አመስግኖ ወጣ። አብዱሰመድ ከውጭ ጥላ ይዞ ጋሪው ላይ ተቀምጧል።

«በሉ?»

«በሉ።»

«አንተስ?»

«አልራበኝም።»

አብዱሰመድ ቀልድ ሊያመጣ ከንፈሩን አላቀቀና ተወው። ጋሪውን ወደ ከዚራ መለሱ።

ፀሐይዋ ስትበርድ ሰርካዲስ ሰርቪሱ በር ላይ መጥታ ቆመች። ቁጣዋ አልወጣላትም፤ ግን የምትነግረው ነበራት። ሃምሳ አለቃ ከራሱ በግ ሙሉ ጎን ልኳል። የኔነሽ ለሰርካዲስ አቅርባ አብልታታለች፤ እሷ ራሷ አልነካችውም። ምን ሆነሽ ስትባል ዛሬ ሥጋ አላሰኘኝም ብላለች።

ሰርካዲስ ገና ሳትጨርስ የኔነሽ ራሷ ከትልቁ ቤት ወጣች። በእጇ ሳህን ይዛለች። በአምስት ዓመት ውስጥ የልጇን ሳህን በገዛ እጇ ይዛ ኒሙን ስታልፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰርካዲስ መንገድ ለቀቀችላት። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አደረገች። እንቁላል በቅቤ ነው፤ ትኩስ እንጀራ ላይ የተደረገ። ያልታረደ፣ የማንንም ስም የማይፈልግ ምግብ።

«እኔ ገና አልፈታሁም» አለች።

ሀብተ ማርያም ከአጠገቧ ተቀመጠ።

«ከእሱ ጋር አትብዪ ነው ያሉኝ» አለች የኔነሽ፣ እንጀራውን እየቆረሰች። «አታጉርሺው አላሉኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።» ጠቀለለችው፤ በቅቤው አሸችው፤ አገጩን ያዘች።

ጎረሰ። ቶሎ እንዳያልቅበት ቀስ ብሎ አኘከው። እሷ እስኪውጥ ድረስ አይኗን አላነሣችም፤ የጎረሰው የትኛው ሰውዬ እንደሆነ የምታጣራ ይመስል ነበር።

ከዚያ እሱ ከዚያው ሳህን ቆርሶ ጠቀለለና ዘረጋላት። የጎረሰ ያጎርሳል፤ እንዲህ ነው ያሳደገችው። የኔነሽ ጉርሻውን አየችው። ሁለት ወር የጾመች ሴት ናት፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየ።

«ይኼን ከበላሁማ ግዝት ነው፣ ልጄ።»

እጁን አልመለሰም። ለመመለስ እምቢ ብሎ አልነበረም፤ እጁ ራሱ ወደ ኋላ መሄድ አቃተው።

የኔነሽ አፏን አልከፈተችም። መዳፏን ዘረጋች። ጉርሻውን ተቀብላ ጣቶቿን ጨበጠችበት፤ ተነሥታም በኒሙ ሥር አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ቅቤው በእጅ አንጓዋ ላይ ሲወርድ ይታያል። ገባች፤ የበሩ መጋረጃ ተመለሰ።

ሀብተ ማርያም በሩ ላይ ቆሞ መጋረጃውን ያየዋል። ሰርካዲስ ተከትላት ገብታ ነበር፤ ጥቂት ቆይታ ወጣች፤ ሳህኑን ልትወስድ መጣች። እናቷ ጉርሻውን ምን እንዳደረገችው ማየቷ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ጋሼ፣ ልንገርህ?»

ማንንም ምንም ሳይጠይቅ ያላለፈ፣ ካህኑንም ካድሬውንም እውነቱን አምጡ ብሎ ያፋጠጠ ሰው፣ ሳህኑን አንሥቶ በእጇ አስያዛት።

«አትንገሪኝ» አላት።